አንድ ኮርድ፣ አምስት አያያዝ፦ ክፍቱን ኤ ሜጀር በጊታር መያዝ

ጊታር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚማራቸው ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) መካከል በሥዕል ሲታይ ከሁሉም የቀለለ የሚመስለው ክፍቱ ኤ ሜጀር ነው። ሦስት ጣት፣ አንድ ፍሬት (በአንገቱ ላይ የተጋደመው ብረትና ከኋላው ያለው ክፍል)፣ ሦስት ተከታታይ ክር፤ ሌላ የሚታወስ ነገር የለውም። እጅ ላይ ሲወርድ ግን ሦስቱ ጣቶች ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ እንደተጫኑ ተሳፋሪዎች ይገፋፋሉ፣ አንዱ ክር ይታፈናል፣ ሌላው ይነዝራል፣ ጀማሪውም ጥፋቱን በገዛ ጣቶቹ ላይ ይጥላል። እዚህ ጅማ ማታ ማታ ጥቂት ተማሪዎችን ቤቴ እየተቀበልኩ ሳስጠና በተደጋጋሚ የማየው ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ ስልካቸው ላይ ያገኙትን አንድ ሥዕል አይተው ይመጣሉ፣ በሥዕሉ ላይ የሰፈሩትን የጣት ቁጥሮችም እንደ ሕግ ይቆጥሯቸዋል። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ከአማራጮቹ አንዱን ብቻ ነው። ይህን ኮርድ ቢያንስ በአምስት መንገድ መያዝ ይቻላል፤ የትኛው እንደሚሻል በአብዛኛው የሚወስነውም ቀጥሎ የሚመጣው ኮርድ ነው።

ከዚህ በታች ክሮቹን የምቆጥረው ከቀጭኑ ጀምሮ ስለሆነ፣ ጊታሩን ታቅፈው ሲቀመጡ ወደ መሬት የሚቀርበው ቀጭኑ ክር 1ኛ፣ ወደ አገጭዎ የሚቀርበው ወፍራሙ ክር 6ኛ ነው። ጣቶቹን ግን በቁጥር ሳይሆን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት። የክር ቁጥርና የጣት ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ አንባቢን ከማደናገር በቀር የሚፈይዱት ነገር የለም።

ኮርዱ ውስጥ ያለው

ኤ ሜጀር የተሠራው ከሦስት ድምፆች ነው፤ ከኤ፣ ከሲ ሻርፕ እና ከኢ። በክፍቱ አያያዝ 5ኛው ክር ክፍት ሆኖ፣ ማለትም በጣት ሳይጫን ሲመታ፣ ኤን ይሰጣል፤ 4ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት ኢ፣ 3ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ኤ፣ 2ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ 1ኛው ክር ደግሞ ክፍት ሆኖ ኢን ይጨምራል። ልብ ሊባል የሚገባው ሲ ሻርፕ በአንድ ክር ላይ ብቻ የሚገኝ መሆኑ ነው። ኮርዱን ሜጀር የሚያሰኘው እሱ ስለሆነ፣ 2ኛው ክር ከታፈነ የቀረው ሁሉ ቢጮኽ እንኳ ኮርዱ ጎዶሎ ነው። በአንጻሩ 1ኛው ክር ቢታፈን የሚጠፋው ኢ 4ኛው ክር ላይ ወፍሮ ስለሚገኝ ጉዳቱ እምብዛም አይሰማም። ይህን ልዩነት ከአሁኑ ይያዙት፤ ወደ አራተኛው አያያዝ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

6ኛውን ክር በተመለከተ፣ ክፍት ሆኖ የሚሰጠው ድምፅ ኢ ስለሆነ ለኮርዱ ባዕድ አይደለም፤ ሆኖም ከኤ በታች ገብቶ መሠረቱን ስለሚያናጋ ባይመታ ይመረጣል። የአውራ ጣትዎ ጫፍ ከአንገቱ ኋላ ብቅ ብሎ በስሱ ቢነካው ዝም ይላል።

ከመያዝዎ በፊት

ጊታሩን ይቃኙት። ከ6ኛው ወደ 1ኛው ክር ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ሲሆን፣ መቃኛ መሣሪያው ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ 5ኛው ክር 110 ኸርዝ ላይ መቆም አለበት። ቅኝቱ በትክክል መያዙን ራሱ ኤ ሜጀር ይመሰክራል። 5ኛውን ክር ክፍቱን፣ 3ኛውን ደግሞ 2ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው አንድ ላይ ቢያሰሟቸው ሁለቱም ኤ ናቸው፤ አንዱ 110፣ ሌላው 220 ኸርዝ ስለሆነ ወፍራምና ቀጭን የሆነ አንድ ድምፅ ሊመስሉ ይገባል። 4ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ላይና ክፍቱ 1ኛ ክርም እንዲሁ ሁለቱም ኢ ናቸው። ጥንዶቹ ሲሰሙ የሚወዛወዝ ድምፅ ካለ አያያዙን ከመኮነንዎ በፊት የመቃኛ ቁልፉን ይመልከቱ።

ቀጥሎ የክሮቹን ከፍታ ይፈትሹ። እኔ የመጀመሪያ ጊታሬን ከገዛሁበት ሱቅ ያመጣሁት ክሮቹ በአንገቱ ራስ ላይ ከመጠን በላይ ከፍ ብለው ነበር፤ ሻጩ «ሲለምዱት ይለዝባል» ብሎኝ ወራት ሙሉ ጣቴ እየተላጠ ስጫን ከረምኩ። ጣት ይለምዳል እንጂ እንጨትና አጥንት አይለዝቡም። መፈተሻው ቀላል ነው፤ አንዱን ክር 2ኛውና 3ኛው ፍሬት መካከል ይጫኑና ክሩ 1ኛው ፍሬት አናት ላይ ሲያልፍ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ወረቀት የምታሾልክ ያህል ክፍተት ከሆነ ደኅና ነው፤ ከዚያ በጣም የሰፋ ከሆነ ክሮቹ የሚያርፉባቸው የራስጌው ጎድጓዶች በባለሙያ እጅ ጠለቅ ሊደረጉ ይገባል። በጅማ ክረምት ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የጊታሩ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ገላው ስለሚያብጥ ክሮቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ የብረት ክር ከሆነም ቶሎ ይዝጋል። ተጫውተው ሲያበቁ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ጊታሩን እርጥብ ግድግዳ ላይ አስደግፎ አለማደር ብዙ ይረዳል።

አቀማመጥን በሚመለከት፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ዝቅ ስለሚል ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ጊታሩም ወደ ደረት ይጠጋል፣ የግራ እጅ አንጓ ሳይታጠፍ ጣቶቹ ክሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ሊያርፉ ይችላሉ። ሶፋ ላይ ተንጋልሎ ኤ ሜጀርን ለመያዝ መሞከር ግን በከንቱ መድከም ነው።

አንደኛው አያያዝ፦ ሌባ፣ መሃል፣ ቀለበት በተራ

በሥዕሎች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው።

1. የቀለበት ጣትዎን 2ኛው ክር ላይ፣ ከ2ኛው ፍሬት ብረት ኋላ ተጠግቶ ያሳርፉ። ብዙዎች ከሌባ ጣት ይጀምራሉ፤ እኔ ከቀለበት ጣት እንዲጀመር የምመክረው ሲ ሻርፕን የያዘው እሱ ስለሆነና ቦታውን አስቀድሞ ካልያዘ የሚተርፍለት ስለሌለ ነው።
2. የመሃል ጣትዎን 3ኛው ክር ላይ ከቀለበት ጣት ትንሽ ወደ ኋላ ያሳርፉ።
3. ሌባ ጣትዎን 4ኛው ክር ላይ ከሁለቱም ኋላ ያሳርፉ። ሦስቱ ጣቶች ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን በሰያፍ ይቆማሉ።
4. ከ5ኛው ክር ጀምረው ክሮቹን አንድ በአንድ ይንኩ፤ የታፈነ ካለ ጣቱን ሳያነሡ ወደ ጫፉ ያቁሙት።

ሰያፉ የግድ የሚሆነው በቦታ ጥበት ነው። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር በ1ኛውና በ2ኛው ፍሬት መካከል ያለው ርቀት 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጎን ደግሞ ባለ ብረት ክር ጊታር ላይ ከክር ክር ያለው ርቀት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር አንገቱ ስለሚሰፋ ይህ ርቀት ከ8 ሚሊ ሜትር ያልፋል። የአዋቂ ሰው ጣት ጫፍ ከሁለቱም ይሰፋልና ጎን ለጎን መደርደር አይሆንም።

የዚህ አያያዝ ድካም ሌባ ጣት ላይ ነው። ከፍሬቱ ብረት ርቆ ስለሚቆም 4ኛው ክር እንዳይነዝር ከሌሎቹ የበለጠ መጫን ይገደዳል። ጥቅሙም አለው፤ የመሃል ጣትን ብቻ ሲያነሡ 3ኛው ክር ክፍት ሆኖ ጂን ይሰጥና ኮርዱ ኤ ሰባት ይሆናል፣ ትንሿን ጣት 2ኛው ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ሲጨምሩ ደግሞ ብዙ አጃቢዎች የሚወዱት ተንጠልጣይ ድምፅ ይመጣል፣ ሲያነሷት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው አያያዝ፦ ሌባ ጣት መካከል

ተማሪ አንድ አያያዝ ብቻ ምረጥልኝ ቢለኝ የምሰጠው ይህን ነው። የመሃል ጣት 4ኛው ክር ላይ፣ ሌባ ጣት 3ኛው ክር ላይ፣ የቀለበት ጣት 2ኛው ክር ላይ፤ ሁሉም 2ኛው ፍሬት ውስጥ። በመጀመሪያ ቀን ጣቶቹ የተጠላለፉ ስለሚመስል አብዛኛው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ትንሽ ቆይቶ ግን እጁ አንድ ነገር ይረዳል፤ ሌባ ጣት በተፈጥሮው ከሁለቱ ስለሚያጥር ወደ ኋላ መቅረት የሚቀለው እሱ ነው፣ የመሃልና የቀለበት ጣቶችም ሁለቱም ወደ ፍሬቱ ብረት ተጠግተው ለማረፍ ቦታ ያገኛሉ። ወደ ኋላ የቀረው አንድ ጣት ብቻ ስለሆነ የሚነዝር ክር ይቀንሳል።

ዋናው ትርፍ ያለው ግን ሽግግሩ ላይ ነው። ዲ ሜጀርን ያስቡ፤ ሌባ ጣት 3ኛው ክር 2ኛው ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 2ኛው ክር 3ኛው ፍሬት፣ የመሃል ጣት 1ኛው ክር 2ኛው ፍሬት። አሁን ከኤ ወደ ዲ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ሌባ ጣትን አያንሡት። ያለበት ቦታ ለዲም ያው ቦታው ነው።
2. የቀለበት ጣትን ከ2ኛው ክር ሳያላቅቁ ጫናውን ብቻ ላላ አድርገው አንድ ፍሬት ወደ ፊት ያንሸራትቱት።
3. የመሃል ጣትን ከ4ኛው ክር አንሥተው 1ኛው ክር ላይ ያሳርፉ።

በአየር ላይ የሚጓዘው አንድ ጣት ብቻ ነው። በአንደኛው አያያዝ ይህንኑ ሽግግር ቢሞክሩት የቀለበት ጣት እዚያም መንሸራተት ቢችልም ሌባና መሃል ጣቶች ሁለቱም ክር መቀየር አለባቸው። ወደ ኢ ሜጀር ሲሄዱም ሁለተኛው አያያዝ ያግዛል፤ ኢ ላይ ሌባ ጣት 3ኛው ክር 1ኛው ፍሬት ላይ ስለሚያርፍ በዚያው ክር ላይ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ያንሸራትቱታል፣ የመሃል ጣት ወደ 5ኛው ክር፣ የቀለበት ጣት ወደ 4ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ያልፋሉ። ኤ፣ ዲ እና ኢ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲዞሩ ሌባ ጣት ከ3ኛው ክር ሳይላቀቅ ዙሩን ይጨርሳል ማለት ነው። እጅ በጨለማ ግድግዳ ዳብሶ እንደሚሄድ ሁሉ አንዱ ጣት የሚመራው ክር ካገኘ ሌሎቹ ቦታቸውን አያጡም።

መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ሁለት ተማሪዎች ይህን ዙር ሲለማመዱ ሰምቼ ነበር፤ አንደኛዋ በዚህ አያያዝ፣ ሌላው በአንደኛው። አንገቱ በማይታይበት ጨለማ የእሷ ሽግግር ሳይቆረጥ ሲቀጥል የእሱ በየዲው ላይ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ትቼ ተማሪዎቼን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ማድረግ ጀመርኩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ በዚህ አያያዝ ላይ ሳሉ ሌባ ጣትን 3ኛው ክር ላይ ወደ 1ኛው ፍሬት ብቻ መልሰው ሌሎቹን ቢተዉ ኤ ሜጀር ሰባት ይወጣል፣ ጨርሰው ቢያነሡት ደግሞ ኤ ሰባት። በአንድ ጣት እንቅስቃሴ ሦስት ቀለም ማግኘት ማለት ነው።

ሦስተኛው አያያዝ፦ መሃል፣ ቀለበት፣ ትንሿ

የመሃል ጣት 4ኛው፣ የቀለበት ጣት 3ኛው፣ ትንሿ ጣት 2ኛው ክር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌባ ጣት ነጻ ይሆናል። ቀጭን ጣት ላላቸው ሰዎች ከሁሉም የሚመቸው ይህ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ስለምትቀጥን ጥበቱ ይቀንሳል። ጀማሪ ላይ የምትደክመውም ያቺው ትንሿ ጣት ስለሆነች፣ በመጀመሪያው ወር ባይቸኩሉበት መልካም ነው።

ይህ አያያዝ ጥቅሙ የሚታወቀው ቅርጹን ወደ ላይ ሲያንቀሳቅሱት ነው። ሦስቱን ጣቶች እንዳሉ ሁለት ፍሬት አሳልፈው 4ኛው ፍሬት ላይ ያድርጓቸውና ነጻ የነበረውን ሌባ ጣት 2ኛው ፍሬት ላይ ከ5ኛው እስከ 1ኛው ክር አጋድመው ይጫኑት፤ ቢ ሜጀርን ይዘዋል። ጋድሞ የሚያዝ ኮርድ መማር ለሚያስብ ሰው በሩ በዚህ በኩል ነው።

አራተኛው አያያዝ፦ አንድ ጣት

ከተማሪዎቼ አንዱ እንጨት ሠሪ ነው። ከተማችን በእንጨት ቅርጽና በቤት ዕቃ ሥራ የምትታወቅ ስለሆነች እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ መሮ ሲይዙ የኖሩ፣ ጫፋቸው የደደረ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ጣቶች። ሦስቱን 2ኛው ፍሬት ውስጥ ለማስገባት ታግሎ ታግሎ ሲያቅተው «ጋሼ፣ ጣቶቼን ሞርጄ ልምጣ እንዴ?» አለኝ። ሞረዱን ተወውና ሌባ ጣትህን ብቻ ስጠኝ አልኩት።

ሌባ ጣትን 2ኛው ፍሬት ውስጥ፣ ወደ ብረቱ አስጠግተው 4ኛውን፣ 3ኛውንና 2ኛውን ክር በአንድ ጊዜ እንዲሸፍን አጋድመው ይጫኑት። የጣቱ ጫፍ 5ኛውን ክር እንዳይነካ 4ኛው ክር ላይ ይብቃ። 1ኛው ክር እንዲጮኽ ከፈለጉ ጣቱ ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጎ የታችኛው ክፍሉ ከ1ኛው ክር ከፍ ማለት አለበት። ይህን የሚያደርግ አንጓ ያለው ሁሉም ሰው አይደለም። የእርስዎ ካልሰረገ አይጨነቁ፤ ጣቱ 1ኛውን ክር በስሱ ነክቶ ዝም ያሰኘው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የሚጠፋው ኢ 4ኛው ክር ላይ አለ፣ ኮርዱም ሙሉ ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት በስሱ በመንካትና አጥብቆ በመጫን መካከል ላለው ልዩነት ነው፤ 1ኛው ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ከተጫነ ኤፍ ሻርፕ ይጮኽና ኮርዱ ሌላ ይሆናል። እንጨት ሠሪው በሁለተኛው ቀን ከሁሉም የጠራ ኤ ሜጀር አሰማኝ፤ የወፈረው ጣቱ ሦስቱን ክር እንደ ዱላ ሸፈናቸው።

ለትዝታ አጃቢ ይህ አያያዝ የተለየ ጥቅም አለው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከኤ ሲነሣ ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ እና ኤፍ ሻርፕ ናቸው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ሳይወጡ ሊሠሩ የሚችሉት ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኤ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ማይነር። ዲ ወይም ኢ ሜጀር ሲጨመር ቅኝቱ ውስጥ የሌሉት ዲ እና ጂ ሻርፕ ይገባሉ፤ ብዙዎች ያደርጉታል፣ ጆሮም ይቀበለዋል፣ ነገር ግን ክራር ከጎን ካለ ልዩነቱ ይሰማል። ስለዚህ በሁለቱ ኮርዶች መካከል መመላለስ የግድ ይሆናል፤ አንድ ጣት አጋድሞ የያዘ ሰው ደግሞ የኤፍ ሻርፕ ማይነርን ግማሽ አስቀድሞ ይዞታል። የጣቱን የታችኛውን ክፍል ጥብቅ አድርገው 1ኛውን ክርም እንዲጫን ያድርጉ፣ የቀለበት ጣትን 4ኛው ክር 4ኛው ፍሬት ላይ ይጨምሩ፣ 5ኛውንና 6ኛውን ክር አይምቱ፤ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ወጥቷል። ሙሉውን የሚፈልግ ሌባ ጣቱን ስድስቱም ክር ላይ አጋድሞ የቀለበት ጣትን 5ኛው፣ ትንሿን 4ኛው ክር 4ኛው ፍሬት ላይ ያሳርፋል።

አምስተኛው አያያዝ፦ ሁለት ጣት

ሌባ ጣት 4ኛውንና 3ኛውን ክር አንድ ላይ ይሸፍናል፣ የመሃል ጣት 2ኛውን ብቻውን ይይዛል። 1ኛው ክር ያለ ሥጋት ክፍት ሆኖ ይጮኻል፣ ሲ ሻርፕም የራሱ ጣት ስላለው አይታፈንም። የሚሠራ አያያዝ ነው፤ ከሱ ወደ ሌላ ኮርድ የሚወስድ የቀለለ መንገድ ስላላገኘሁበት ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አልጠቀምበትም።

መለማመጃው

አምስቱንም በአንድ ሳምንት ለመያዝ አይሞክሩ። ሁለተኛውን ይዘው ይጀምሩ፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ላይ አድርገው አራት ምት ኤ፣ አራት ምት ዲ፣ አራት ምት ኤ፣ አራት ምት ኢ ይጫወቱ። ሽግግሩ ከምቱ ከዘገየ ፍጥነቱን ይቀንሱ እንጂ ምቱን አይጠብቁት፤ ጣት የሚማረው ያደረጉትን ስለሆነ መቆምን ካስተማሩት መቆምን ይማራል። ጣትን ሙሉ በሙሉ ሳያነሡ ማላላትና እንደገና መጫንም ለብቻው ሊለማመዱት የሚገባ ሥራ ነው፤ ኮርዱን ይያዙ፣ ጫናውን ያላሉ፣ ጣቶቹ ክሩን እንደነኩ ይቆዩ፣ እንደገና ይጫኑ።

ከዚያ አራተኛውን ጨምረው በኤና በኤፍ ሻርፕ ማይነር መካከል ይመላለሱ። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለቱም ሽግግሮች የሚመጡ ከሆነ ደግሞ አያያዙን እዚያው ኤ ላይ ሳሉ መቀየር ያስፈልጋል፤ ከዲ በሁለተኛው አያያዝ ተመልሰው ወደ ኤፍ ሻርፕ ማይነር በአንድ ጣት መሄድ ይፈልጋሉ እንበል። መቀየሪያው የመጨረሻው ምት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በዚያች ቅጽበት ጣቶቹን ሁሉ አንሥተው ክሩን የሚመታው እጅዎ ወደ ላይ ሲመለስ 1ኛውንና 2ኛውን ክር ክፍታቸውን ይንኩ፤ የሚሰሙት ኢና ቢ ሁለቱም የትዝታው ድምፆች ስለሆኑ አድማጭ እንደ ጌጥ ይቀበላቸዋል፣ ሌባ ጣትዎም በዚህ መሐል ለመጋደም ጊዜ ያገኛል።